የተያዘ ስም

ገላን ኮንዶሚኒየም
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሞቲዬ፣

ሰላምታዬን ሾፌሩ በቀለ ከነጭኮው ያደርስልሃል። ጭኮውን መንገድ ላይ ካጎደለው ሰላምታውም መጉደሉ አይቀርምና አይተህ ተቀበለው።

እኛ ደህና ነን፣ ሦስታችንም። እናትህ አዴ፣ እኔና ልጅህ። «ሦስታችንም» ብሎ መጻፍን ገና አልለመድኩትም።

ለጠየቅከኝ ሁሉ መልሴ ይኸው። አዎ፣ ይጠባል። አዎ፣ እትብቱ ደርቆ ወድቋል። ማንን ይመስላል ላልከው፣ አዴ ግንባሩን እያዩ «የአባታችሁ የዱጉማ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና» ይላሉ፤ እናቴ ደግሞ አፍንጫው የእኛ ነው ትላለች። ለእኔ የሚመስለኝ ተራው የታለፈበት ጡረተኛ ነው። በጣም አመመሽ ወይ ላልከው ግን በወረቀት አይነገርም፤ ስትመጣ ትሰማዋለህ።

አዴ ከአልጋ አላስወርድ ብለውኛል። የአንዱ ገንፎ ወዝ ከአፌ ሳይጠፋ ሌላው ይመጣል። አልችልም ስላቸው «ለራስሽ መሰለሽ እንዴ የምትበዪው?» ይላሉ። ኮምፒውተር ከከፈትኩማ ጉድ ነው፤ «አራስ ነሽ፣ ዓይንሽ ይጠፋል» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማዘጋጀውን መጽሐፍ እንደ ድሮ ሰው በእስክርብቶ እየጻፍኩ ነው። ኮሌጁ ሁለተኛውን መንፈቅ ሲጀምር ላድላቸው እፈልጋለሁ። ልጆቹን ታውቃቸዋለህ፤ ያ ቀይ የእንግሊዝኛ መስመር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሳያነቡት ነው እጃቸውን የሚያወጡት። ኮምፓይለሩ የጻፉትን ፕሮግራም አንብቦ ለማሽኑ ሲተረጉም ምን እንዳልጣመው በአማርኛ ላስረዳቸው ነው። አሁን የስም ግጭት ምዕራፍ ላይ ደርሻለሁ። እንደ ልማድህ በቀይ አርመህ መልስልኝ።

«አንደኛ፦ ይህ ስም ተይዟል። ከላይ ለሌላ ነገር የሰጠኸውን ስም እዚያው ክፍል ውስጥ ደግመህ ሰጥተሃል። ኮምፓይለሩ አንድ ስም ለሁለት አያካፍልም። ለአዲሱ ሌላ ስም ፈልግለት፤ ወይም አሮጌውን የማትፈልገው ከሆነ ሰርዘው።

«ሁለተኛ፦ የትኛውን ነው የምትለው? ሌላ ሰው የጻፋቸውን ሁለት የፕሮግራም ጥቅሎች ከነሙሉ ዕቃቸው አስገብተሃል፤ ሁለቱም ውስጥ ‹ሊስት› የሚባል አለ። ኮምፓይለሩ ገምቶ አይመርጥልህም። እንኳን ሊመርጥልህ፣ ራስህ እስክትመርጥ ንቅንቅ አይልም።»

ሦስተኛው በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የደረሰ ነው፣ ጣጣው ግን ያው ነው። ትንቢት የምትባል ከሳሪስ የምትመጣ ጎበዝ ተማሪ አለችኝ። ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈችና ፋይሉን «ራንደም» አለችው። ቋንቋው ራሱ ዕጣ የሚያወጣበት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ላይብረሪም ስሙ ራንደም ነው። ፕሮግራሙ ላይብረሪውን ሲፈልግ አጠገቡ ያለውን የእሷን ፋይል አገኘና እሱኑ አስገባ፤ ከዚያ «የጠየቅሽው ነገር እዚህ ውስጥ የለም» ብሎ ቆመ። ልጅቷ ላይብረሪው ጠፋብኝ ብላ ግማሽ ቀን ስታለቅስ ዋለች። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «አልጠፋም። የቅርቡ የሩቁን ጋርዶት ነው።»

የስልክ ታወራችሁ እስኪጠገን በወረቀት መጻጻፋችን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኛል። በስልክ ሲሆን አዴ ድምፅህን ገና እንደሰሙ ይቀሙኛል፤ የሚጠይቁህም አንድ ነገር ብቻ ነው። አሁንም ጻፊለት ብለውኛልና ልጻፈው፦ የወንድምህ ወሬ አለ ወይ? ወደ ጅቡቲ የሚያልፍ ሁሉ በአንተ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ነው የሚያልፈው፤ ገዳ ያን መንገድ ይዞ ከወጣ ሦስት ዓመት ሞላው። አዴ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ብርድ ልብሱን አጥበው በረንዳው ላይ ያሰጡታል። «ሲመጣ እንዳይሸተው» ይላሉ። የታችኛዋ ጎረቤት ውኃው ልብሴ ላይ ተንጠባጠበ ብላ ትጮሃለች፤ እሳቸው መልስም አይሰጧት።

በል ስም ላክ። ክርስትናው ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው። አዴ ስም የሚያወጣው አባት ነው ብለው አፋቸውን ዘግተዋል። እስከዚያ ልጅህን ሁሉም «ማሙሽ» ይለዋል፤ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ ማሙሽ የማይባል የለም።

ዮዲህ


የሚዛን ጣቢያ፣ ከገላፊ ወዲህ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዮዲዬ፣

ጭኮው ሳይጎድል ደርሷል፤ በቀለን አትሚው።

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እለምንሻለሁ። ሰው ሚስቱ ስትወልድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔ ከባድ መኪና እመዝናለሁ። ፈቃድ ጠይቄ ነበር። የሚዛኑን ፕሮግራም የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም አሉኝ። ሙቀቱ እንዳለ ነው፣ ምግቡም ደህና ነው። እንቅልፍ ትንሽ እምቢ ብሎኛል፤ ከሙቀቱ ይሆናል።

አንቺስ በርትተሻል፤ እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ኮምፓይለሩን የቀበሌ ዘበኛ አደረግሽው። እሱ አይቆጣም፤ ያልገባውን ነው የሚጠይቀው። «የትኛውን ነው የምትለው?» ብሎ መጠየቅ ጨዋነት ነው። ስንቱ ሰው ሳይጠይቅ ይመርጥ የለ?

ሁለተኛው ላይ መፍትሔውን ረስተሽዋል። እንዲህ በዪ፦ «ሙሉ ስሙን ጻፍ። ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሲኖራቸው የአባት ስም ጨምረን እንደምንለያቸው፣ ከሊስት ፊት የጥቅሉን ስም ጨምር። ለምሳሌ ገዳ ዱጉማና ገዳ ሞቲ አንድ ቤት ቢኖሩ አይጋጩም፤ አባቶቻቸው ይለዩአቸዋል።»

ለልጁም ያሰብኩት ስም ይኸው ነው። ገዳ በሉት። ገዳ ሞቲ ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ አየሁት፤ ደስ ይላል።

ሦስተኛው ላይ «አልጠፋም» ያልሽውን አትንኪው። እንዳለ ይቀመጥ።

አዴ ስለጠየቁኝ ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ጤናቸውን ይጠብቁ በያቸው፤ ደረጃ ሲወርዱ ብረቱን ይያዙ።

ሞቲ


ገላን ኮንዶሚኒየም
ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሞቲ፣

እንደምን ነህ? ልጁ ደህና ነው፣ እኔም እየጠነከርኩ ነው። የምጽፍልህ ስለ አዴ ነው።

ደብዳቤህ ሲደርስ ጎረቤታችን ፊርዶስ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። አዴ ልጁን ታቅፈው አጠገቧ ተቀምጠዋል። ፖስታውን ስከፍት «ስም ልኳል ወይ?» አሉኝ። ዓይኔ ስሙ ላይ እንዳረፈ ልቤ ሞቀ። በእኛ ቤት ልጅ በአጎቱ ስም ሲጠራ ክብር ነው። ለታላቅ ወንድሜ ለአቢ ስም ያወጡለት በአባቴ ወንድም ነው፤ ሰውዬው ያኔ የባቡር ሹፌር ነበርና በደስታ አቢን ድሬዳዋ ድረስ ይዞት ሄዷል። እኔም ገዳ ሲመለስ ስሙን የያዘ ልጅ በር ላይ ይቀበለዋል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ እየሳቅኩ፣ ጮክ ብዬ «ገዳ በሉት ብሏል!» አልኩ።

አዴ ዝቅ ብለው የልጁን ፊት አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ለፊርዶስ አስታቀፏትና ወደ ጓዳ ገቡ። ደስታ መስሎኝ ነበር። ፊርዶስ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም፤ «ዮዲ፣ ምንድን ነው ያነበብሽው?» አለችኝ። «ስም ነዋ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ገንፎው ሳይቋረጥ ይመጣል፣ ልጁም ይታጠባል፤ ጨዋታ ግን የለም። ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ነበር። ብርድ ልብሱን አላጠቡም። እኔ ልጠበው ወይ ስላቸው «ተይው፣ ንጹሕ ነው» አሉኝ። ሞቲ፣ እናትህ ንጹሕ ነው ብለውት የሚያውቁት ነገር አለ? ከሱቅ የመጣ አዲስ ሰሃን እንኳ በሳሙና ካላሹት አይበሉበትም።

ሌላም ነገር አለ። በቀለን ሻይ አቅርቤለት ሳጫውተው፣ ከጣቢያችሁ ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ እየወጣ ነው አለኝ። «ሞቲማ ራሳቸው ውጣ፣ ልጅህን እይ ቢሉትም እምቢ ብሏል» አለ። በቀለ ይዋሻል ልበል ወይስ አንተ?

ለአዴ ያነበብኩት አንዲት ስም ብቻ ነው። ስም ሰውን እንዲህ አያደርግም። ምን እንዳነበብኩ ንገረኝ።

ዮዲ


የሚዛን ጣቢያ
ኅዳር 25 ቀን

ዮዲ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። መልሱን ጽፌ ቀደድኩት፤ ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ ቀደድኩ። ይህቺን ቁራጭ የያዘልሽ ሾፌር መነሻው ደርሷል። እባክሽ ስሙን ለሌላ ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን።

ሞቲ


የሚዛን ጣቢያ
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዮዲዬ፣

በቀለ አይዋሽም።

አንቺ የባቡር ሰፈር ልጅ ነሽ፤ እኔም ነግሬሽ አላውቅም። ሰው የቤቱን ደንብ ሁሉም ቤት ያለ ይመስለዋል። በእኛ ቤት በሕይወት ያለ ሰው ስም ለአራስ ልጅ አይሰጥም። ከአያቶቻችን ጀምሮ፣ ያ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ጤፍ ሲዘራበት ከነበረ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው። ስም ለልጅ የሚተላለፈው ባለቤቱ ሲለቀው ነው። አዴ ከአንቺ አፍ የሰሙት ይህንን ነው።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ታውቂያለሽ።

ወሬውን የነገረኝ ሰው ብሩህ ይባላል። ስደተኛው በጀልባ ከሚሻገርባት የጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ ተመልሶ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሲመጣ ሚዛኑ ላይ ወረደ። የአቃቂ ልጅ መሆኔን ሲሰማ አንድ ጀልባ ላይ ከአቃቂ ልጅ ጋር ነበርኩ አለኝ፤ ገዳ ከሚባል። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቂያለሽ? «የትኛው ገዳ?» አልኩት። አቃቂ ውስጥ ገዳ የሚባል ስንት አለ! እኔ ገምቼ አልመርጥም፣ ሌላ ይሆናል አልኩ። በዚያች ደቂቃ እንደዚያ ስም የበዛበት አገር በመወለዴ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን ከነአባቱ ነገረኝ። ቀጥሎም የአባታችን ብየዳ ቤት አቃቂ በሰቃ የት ጋ እንደነበር፣ በሩ አረንጓዴ እንደነበረ ነገረኝ፤ ገዳ ነው ያጫወተው። ከዚያ ወዲያ «የትኛው» ብዬ የምጠይቀው አልቀረኝም።

ይህ የሆነው ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው። አዴ ፊቴን ካዩኝ ያውቃሉ። ስለዚህ ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ሲሰጡኝም አልተቀበልኩም። ልጄን አለማየቴ ያንገበግበኛል፤ የእናቴን ዓይን ማየት ግን የባሰ ፈራሁ። ፈሪ በዪኝ።

ስሙን ለምን ጻፍኩት? እዚህ ማልቀሻ ቦታ የለኝም። ክፍላችን የጋራ ነው፤ ፊትሽን ስትታጠቢ እንኳ ሰው ያይሻል። «ገዳ» ብዬ ጠርቼ «አቤት» የሚል ሰው ፈለግሁ። የመጽሐፍሽን እርማት እየጻፍኩ ሳለ ከእጄ አመለጠኝ። ከዚያ ራሴን አታለልኩ፤ አባቶቻቸው ይለያያሉ፣ ሙሉ ስማቸው አይጋጭም አልኩ። በወረቀት ላይ እውነት ነው።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አዴን «ፊደሉ አሳስቶኝ ነው፤ የጻፈው ቶላ ብሎ ነው» በያቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ክርስትናውን ደስ ብሏቸው ይዋሉበት። ከዚያ በኋላ እኔ እመጣለሁ።

ስለ መጽሐፉ፣ የቅርብ ስም የሩቁን ሲጋርድ ብዙው ቋንቋ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ስህተት አይለውም። እንደሱ ያለውን ከስህተት ምዕራፍ ብታወጪው ይሻላል።

ሞቲ


ገላን ኮንዶሚኒየም
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሞቲ፣

አላወጣውም። ዝም ተብሎ ያለፈ ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ኮምፓይለሩ የሚጮህበትን ስህተትማ ማንም ያገኘዋል፤ ልጆቼን የሚያስለቅሳቸው ይሄ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። አንደኛውን ግን አርሜዋለሁ። «አሮጌውን የማትፈልገው ከሆነ ሰርዘው» ያልኩትን አውጥቼዋለሁ። ቸኩዬ ነው የጻፍኩት።

ልልህ የምፈልገውን አልጽፍም። ሥርዓቱን እኔም አውቃለሁ። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ልጁን ሳጠባ ዕንባዬ ፊቱ ላይ ሲወርድ ነበር፤ እሱ ግን አልተወም፣ ይጠባል። ገዳ ለሠርጋችን ያንን እጅጌው የሚያጥር ሱፍ ተውሶ ለብሶ፣ እጁ እንዳይታይ ፎቶ ሁሉ ላይ ኪሱ ከቶት የተነሣውን አስታወስኩ። ብቻህን ሆነህ ይህን ሁሉ ይዘህ መክረምህ አሳዝኖኛል። ፈሪም አልልህም።

ግን ተቆጥቻለሁ፤ ይህንንም ልትሰማኝ ይገባል። መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ራሱን ሲጥል የሚይዘው እጅ በተዘጋጀበት። አንተ በእኔ አፍ አረዳሃቸው። እየሳቅኩ፣ እሳቸው ልጄን እንደታቀፉ። ባለማወቄ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብሞክርም ድምፄ ከጆሮዬ አልወጣም። ይቅር እልሃለሁ፤ ዛሬ ግን አይደለም።

ያንን ውሸት ልዋሽልህ ተነሥቼም ነበር፤ አልደብቅህም። ዛሬ ጠዋት አዴ የልጁን ጨርቅ ሲያጣጥፉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «አዴ፣ ያ ስም…» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«የመጣልሽ ደብዳቤ ወፍራም ነው» አሉኝ።

«አዎ፣ አዴ።»

«እንዳታነቢልኝ።»

«ኧረ እኔ ልነግርዎ የፈለግሁት…»

«ዮዲ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። እኔ የሰማሁት ነገር የለም። አንቺ የሆነ ስም አነበብሽ፤ እኔ ጆሮዬ ከበደኝና አልሰማሁም። ፊርዶስም አልሰማችም፣ ነግሬያታለሁ። ሞቲ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ደንግጦ ነው። ወግ እንዲህ አይደለም በዪው። ነገር በወጉ ሲነገረኝ ያኔ እሰማለሁ። ሽማግሌውን ኦቦ ሮሪሳን ይያዝ፣ የአንቺንም አባት ይጨምር፤ እንደ ሰው ልጅ በማለዳ ይምጡልኝ።»

«ክርስትናውስ?» አልኳቸው።

«ክርስትናው በቀኑ ይሆናል። ቄሱ የክርስትና ስሙን ይሰጡታል። የቤት ስሙን እኔ አወጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ። አሁን ያ ስም የልጄ ነው፤ ለማንም አልሰጥም። ሙሉ ስም፣ የአባት ስም ትላላችሁ እናንተ የተማራችሁ። እኔ ከበረንዳ ላይ ስጣራ የአባት ስም ጨምሬ ነው እንዴ የምጣራው? ገዳ ስል ማን ይመጣል ብዬ ነው በሩን የማየው?»

ይህን ካሉ በኋላ ተነሥተው ብርድ ልብሱን ከቁም ሳጥን አወጡና አጠቡት። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቅዳሜ አይደለም። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤላቸው ጨመቅነው። የታችኛዋ ጎረቤት እንደ ልማዷ ውኃው ተንጠባጠበብኝ ብላ ጮኸች። አዴ ከበረንዳው ጎንበስ ብለው «ይቅርታ አድርጊልኝ እናቴ፣ ከእንግዲህ አይንጠባጠብብሽም» አሏት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ለአባቴ ነግሬዋለሁ። እሱ ለኦቦ ሮሪሳ ይነግራል። ከእነሱ ሌላ ማንም አያውቅም፤ እናቴም አታውቅም። በቀለ ይህን ሰጥቶህ ሲመለስ አብረኸው ና። እዚህ ከመሸ ከደረስክ አባቴ ቤት እደር፤ ብቻህን እንዳትመጣብን። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹን አስቀድመህ ደረጃውን ውጡ። ጫማችሁን ቀስ አድርጋችሁ እርገጡ፤ ልጁ በዚያ ሰዓት ነው እንቅልፍ የሚወስደው። እሱን ቶሎ ልየው እንዳትል። እሱ ይቆይሃል።

በሩን እኔ አልከፍትም፤ አዴ እኔ እከፍታለሁ ብለዋል። ስታንኳኩ ትንሽ ይዘገዩባችኋል። ከዚያ ይከፍቱና ተኝቼ ነበር ይሉሃል። እመናቸው።

ዮዲ